የሐሙስ ከሰዓት ወይን፦ የሮም ኤኖቴካዎችን እንዴት እንደለመድኳቸው

ሮም ውስጥ ባዳንቴ ሆና አዛውንት የጦረች ሴት ሐሙስን ከሌላው ቀን ለይታ ታውቃለች። ከእሁድ ሌላ ያለችን ዕረፍት የሐሙስ ከሰዓት ነች። ምሳ አብልተን፣ መድኃኒት ሰጥተን፣ ለተተኪ አስረክበን ስንወጣ እግራችን ሳናዝዘው ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል፤ አበሻ የሚገናኘው እዚያ ነውና። እኔም እ.ኤ.አ. በ2009 ሮም ከገባሁ ጀምሮ ሐሙሴን እዚያው ሳሳልፍ ኖሬያለሁ። ጣሊያኖች ኤኖቴካ የሚሉት ወይን ቤት መግባት የጀመርኩት ግን ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው። ያስጀመሩኝም የምጦራቸው ሲኞራ ናቸው።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጠጅ ቤት ጎን ነው። ወይን ሲባል የማውቀው ሠርግ ላይ የሚቀርበውን ጉደርና አክሱማይት ብቻ ነበር። ሲኞራ ደግሞ ምሳ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ወይን ካልቀረበላቸው እህል አይወርድላቸውም። ቤታቸው ቴስታቾ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። በየሦስት ቀኑ ባዶ ጠርሙስ ይዤ ጥግ ላይ ወዳለችው ሱቅ እወርዳለሁ። በሯ ላይ «ቪኒ ኤ ኦሊ» ተብሎ ተጽፏል፤ ወይንና ዘይት ማለት ነው። ውስጧ ጨለም ያለ ሲሆን ግድግዳው ሥር 54 ሊትር የሚይዙ ሆዳቸው ሰፊ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከእነሱ እየቀዱ በሊትር የሚሸጡት ወይን «ስፉዞ» ይባላል።

ሽማግሌው ባለሱቅ ጠርሙሴን ተቀብሎ ወዲያው አይሞላም። መጀመሪያ አንድ ጣት የሚሆን ወይን ይጨምርበታል፣ አውራ ጣቱን አፉ ላይ ደፍኖ ያሽከረክረዋል፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ ከዚያ ይደፋዋል። የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ብክነት መስሎኝ አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ጠርሙሱ ውኃ ውኃ እንዳይሸት፣ ወይኑን እንዲለምድ ነው» አለኝ። አቪናሬ ይሉታል። እናቴ እንስራውን በግራዋ አሽታ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጠላዋን ስታዘጋጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ወይን የፈረንጅ ነገር መሆኑ ቀረብኝ።

ሲኞራ ካስተማሩኝ አንዱ ይህ ነው፦ ስፉዞ በሦስትና በአራት ቀን የሚያልቅ ያህል ብቻ ይገዛል፤ ጠርሙሱም እስከ አንገቱ ይሞላል። ጎደሎ ከሆነ አየር ገብቶ ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል። ሌላው ደግሞ ወይን ያለ ምግብ አለመጠጣቱ ነው። «ልጄ፣ ቢያንስ ቁራሽ ዳቦ» ይሉኝ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ባዶ ሆዴን ብርጭቆ አንስቼ አላውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ ራሴን ችዬ ወይን ቤት መሄድ ስጀምር አካሄዴ የተሳሳተ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ታዋቂ የሆኑ ሃያ ቦታዎች ስም ጽፋ ሰጠችኝ። በየሳምንቱ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት እየገባሁ ስማቸውን እሰርዝ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ስደርስ አንዱንም አላስታውሰውም፤ ማንም አያውቀኝም፣ ምን እንደጠጣሁም አላውቅም። ከዝርዝሩ ውጪ በፓንቴዮን አካባቢ የገባሁበት ቤት ደግሞ ዋጋ ሳልጠይቅ ያዘዝኩትን አንድ ብርጭቆ 16 ዩሮ አስከፍሎኛል። ወረቀቱን የቀደድኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው።

በምትኩ አንድ ቦታ መረጥኩ። ከቴርሚኒ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ ቪያ ጎይቶ ላይ፣ ትሪማኒ የሚባል የወይን መደብር አለ፤ ከ1821 ጀምሮ ወይን ሲሸጥ የኖረ ቤት ነው። ጎኑ፣ ቪያ ቼርናያ ላይ፣ የራሱ ወይን ቤት ነበረው። ጓደኞቼ ቡና ከሚጠጡበት ቦታ ብዙ ስለማይርቅ መንገዴ ሆነ። ለአራት ወር ያህል ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ባንኮኒው ጋ ቆምኩ። (ባንኮኒ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያን የመጣ ስለሆነ ማንም መተርጎም አላስፈለገውም።) የሚቀዳው ልጅ መጀመሪያ ቀን ምን እንደምወድ ሲጠይቀኝ የወይን ስም አላውቅም ነበርና «ጣፋጭ ያልሆነ፣ አፍም የማይጨመድድ» አልኩት። እሱ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ቤሎኔ የሚባል፣ ሮም ካለችበት ከላዚዮ ክልል የመጣ ነጭ ወይን ቀዳልኝ። በሳምንቱ ስመለስ «ያ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀና በጣዕሙ ከዚያ ትንሽ ለየት ያለ ሌላ አቀመሰኝ። በአራት ወር ውስጥ ከሃያ ቦታ ዝርዝር ያላገኘሁትን ከአንድ ሰው አገኘሁ። ሰውየው የሚያስተምርሽ ያለፈው ሳምንት ምን እንደጠጣሽ ሲያስታውስ ነው።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሮማውያን ለአፔሪቲቮ፣ ከእራት በፊት ለሚጠጣው መጠጥ፣ የሚወጡት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሰዓት የሚቀዳው ሰው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ የለውም። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ የመጣ ሰው ግን ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦ ዛሬ በብርጭቆ የሚቀዳ የላዚዮ ወይን ምን አላችሁ? ጠርሙሱ የተከፈተው መቼ ነው? ዋጋውንም አብሬ እጠይቃለሁ፤ ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። በሚታመን ቤት የሚቀዳው ሰው የተከፈተውን ጠርሙስ ለእኔ ከመቅዳቱ በፊት ራሱ ያሸተዋል።

ስለ ማሽተት አንድ ነገር ልናገር። አንድ ሐሙስ የቀረበልኝ ቀይ ወይን የረጠበ ካርቶን፣ ዝናብ የመታው ጆንያ ይሸት ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንዲህ ሊሆን ይችላል» ብዬ ዝም አልኩ፤ ግማሹንም ታግዬ ጠጣሁ። ከአጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ከዚያው ጠርሙስ ተቀዳላቸው፣ አንዴ አሸተቱና ብርጭቆውን ወደ ቀጂው ገፋ አድርገው «ሳ ዲ ታፖ» አሉ፤ ቡሽ ቡሽ ይላል ማለት ነው። ልጁ አሽትቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጠርሙሱን አንስቶ አዲስ ከፈተ፣ ለእኔም ያለ ክፍያ ቀየረልኝ። የወይን ቡሽ አንዳንዴ እንዲህ ይበላሻል፤ የቤቱም የጠጪውም ጥፋት አይደለም። አፍንጫዬ ከእኚያ ሴትዮ አፍንጫ እኩል አውቆ ነበር። የጎደለኝ መናገር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌሎች ሰፈሮች የሰፋሁት። ሞንቲ ውስጥ ቪያ ፓኒስፔርና ላይ ያለው አይ ትሬ ስካሊኒ ከ1895 ጀምሮ የነበረ ቤት ነው፤ ፊቱን ሐረግ ሸፍኖታል። ማታ መንገዱ ድረስ ሰው ይሞላል፤ ለመጨዋወት ጥሩ፣ ለመማር ግን የሚሆን አይደለም። ለመማር እዚያው ቅርብ ያለው ካቩር 313 ይሻላል፤ የእንጨት መቀመጫዎቹ ከለል ያሉ ስለሆኑ ከጓደኛ ጋር ዝግ ብሎ ለማውራት ይመቻል። ፒያሳ ፓስኩዊኖ ያለው ኩል ዴ ሳክ ረጅምና ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠርሙሱ ግድግዳውን ሞልቶ እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ፊት ለፊቱ የቆመው አካሉ የጎደለ ሐውልት ፓስኩዊኖ ነው። ሮማውያን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሹማምንትን የሚሸነቁጡ ግጥሞች ሲለጥፉበት ኖረዋል፤ ዛሬም ይለጥፋሉ። የቅኔ አገር ልጅ ስለሆንኩ እዚያ ሳልቆም አላልፍም።

ከሁሉ የምወደው ግን ቪያ ዴይ ባንኪ ቬኪ ላይ ያለውን ኢል ጎቼቶ ነው። በሩ ላይ ዛሬም ወይንና ዘይት የሚል የድሮ ጽሑፍ አለ፤ እንደ ሲኞራ ሱቅ። ጣሪያው ሥዕል ያለበት አሮጌ እንጨት ነው። ሰው ብርጭቆውን ይዞ ደጅ ደረጃው ላይ ይቆማል፤ የሰፈሩ ሰው ከውሻው ጋር ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ባንኮኒው ጋ ቦታ ስፈልግ አንድ አዛውንት ክርናቸውን ሰብሰብ አድርገው «ነይ ልጄ» አሉኝ።

የላዚዮ ወይን የምለው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የሮም ወይን ቤቶች የሌሎች ክልሎች፣ የቶስካናና የፒዬሞንቴ፣ ወይን ሞልቷቸዋል፤ ስማቸው የታወቀ ስለሆነ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። የሮም የራሷ ወይን ግን ከከተማው ደጃፍ፣ አፈሩ የእሳተ ገሞራ ከሆነው የካስቴሊ ሮማኒ ኮረብታ ይመጣል። ፍራስካቲ ነጭ ነው፤ ሱፔሪዮሬ የሚባለው ደረጃው ከ2011 ወዲህ ዶችጂ የሚባለውን የጣሊያን ከፍተኛ ማዕረግ ይዟል። የላዚዮ ቀዩ ቼዛኔዜ ነው፤ ፒሊዮ በሚባል ቦታ የሚመረተው ከሁሉ ይታወቃል። ለአበሻ ምላስ ቼዛኔዜን እመክራለሁ፤ በርበሬ ያለበት ወጥ ፊት አይሸማቀቅም። እኔ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ከሠራሁ እሱኑ ነው የማቀርበው።

ብርሌያችንን የሚያስታውሰኝ አንድ ታሪክም አለ። በ1588 ፖፕ ሲክስቶስ 5ኛ የሮም ወይን ሻጮች ሕዝቡን በመለኪያ እንዳያታልሉ መለኪያው ከብርጭቆ የተሠራ እንዲሆን አዘዙ፤ ሁሉም ስንት እንደተቀዳለት እንዲያይ። ግማሽ ሊትሩ ፎዬታ ተባለ፣ ሩቡ ኳርቲኖ፣ የሊትር አንድ አሥረኛው ደግሞ ሶስፒሮ፤ አንዴ ተንፍሰሽ የምትጨርሺው። ኳርቲኖ ዛሬም በትራቶሪያ፣ በተራው ምግብ ቤት፣ ይታዘዛል። ባለአንገቱ ብርሌ ጠጃችንን ከነቀለሙ ከነልኩ እንደሚያሳየን ማለት ነው።

ጾም ለምትጾሙ፦ ሐሙስ መሆኑ ራሱ ይጠቅማል፤ ከረቡዕና ከዓርብ መሀል ነው። ሰሌዳ ላይ ደርድረው የሚያመጡት ታሊዬሬ የአሳማ ሥጋና አይብ ስለሆነ እኔ ፔኮሪኖ የሚባለውን የበግ ወተት አይብ ብቻ አድርጉልኝ እላለሁ። በዐቢይ ጾም ወይራ፣ አርቲቾክ የሚባለው አትክልት በዘይትና ዳቦ አይጠፋም። ፑንታሬሌ የሚባለው ሰላጣ ግን ቅጠል ብቻ ይምሰል እንጂ ዓሣ አለበት። በሜይ 1 ሮማውያን እሸት ባቄላ እየፈለፈሉ በፔኮሪኖ ይበላሉ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ያው የገጠሩ አያቶቻችን ቤት እሸት ነው።

አንድ ሙሉ እሁድ ያላት ሰው ከቴርሚኒ ባቡር ተሳፍራ ወይኑ ስሙን ወዳገኘባት ፍራስካቲ ከተማ ትሂድ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ይህ መስመር በ1856 የተከፈተ፣ የፖፖቹ ግዛት የመጀመሪያ ባቡር ነው። እዚያ ያሉት ወይን ቤቶች ፍራስኬታ ይባላሉ። ድሮ ወይኑ ሲደርስ በራቸው ላይ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይሰቅሉ ነበር፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እኛ ጠላ ቤት ደጃፍ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ እንደምንሰቅለው። አንዳንዶቹ ምግብሽን ከገበያ ገዝተሽ ይዘሽ እንድትገቢ ይፈቅዳሉ፤ ወይኑን ብቻ ከእነሱ ታዣለሽ። ሲኞራን አንዴ ወስጃቸው ነበር፤ የልጃቸው መኪና ኋላ ወንበር ላይ ትራስ ደርድሬ። ባሏን በዚያ ሰፈር ያገኘች አንዲት ጓደኛቸውን ሲያስታውሱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ አልጠጡትም።

ሲኞራ በ2019 አረፉ። ጥግ ላይ ያለችው ሱቅም ከዓመት በኋላ ተዘጋች። ልጃቸው ቤቱን ሲያጸዳ ምን ልስጥሽ ሲለኝ ጠርሙሷን አልኩት፤ ዛሬ እኔ ቤት ናት፤ ስፉዞ የሚሸጥ ሌላ ቤት ፈልጌ እሞላታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከመጣች ስድስት ወር የሆናት የእህቴ ልጅ አብራኝ ነበረች። ደረቁን ወይን ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «አክስቴ፣ ጣፋጭ የላቸውም?» አለችኝ። ቀጂውን ካኔሊኖ ጠየቅሁት፤ የፍራስካቲ ጣፋጩ ነው። ቁራሽ ዳቦ አስቀደምኩላት። ተጎነጨች፣ አሸተተች፣ እንደገና ተጎነጨች።

«ማር ማር ይላል» አለች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞር ብላ፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛዋ፣ ጠርሙሱ መቼ እንደተከፈተ ጠየቀችው።