ጅማ ላይ ቤት ስንገዛ ደላላ የመረጥንበት መንገድ

እኔና ባለቤቴ ከብዙ ዓመት የኪራይ ኑሮ በኋላ ጅማ ላይ የራሳችንን ቤት ለመግዛት ስንነሣ፣ ከቤቱ ይልቅ ያስጨነቀን የትኛውን ደላላ እንመን የሚለው ጥያቄ ነበር። ያጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ነው፤ ስህተቱን የምናርምበት ሌላ አልነበረንም።

መጀመሪያ ያገኘነው ደላላ ቀልጣፋና ትሑት ወጣት ነበር። በጥር ወር ከአዌቱ ወንዝ ብዙም የማይርቅ ቤት አሳየን፤ ግቢው ደረቅ፣ ግድግዳው አዲስ የተቀባ፣ ዋጋውም ከጠበቅነው ያነሰ ነበር። ካርታውን እንድናይ ስንጠይቀው ግን ባለቤቱ ዘንድ መሆኑን፣ ሌላ ገዢም ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ነግሮን ቀብድ እንድናስይዝ አጣደፈን። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ሰነድ ሳያሳይ ቀብድ የሚጠይቅ ደላላ፣ ክፉ ባያስብ እንኳ፣ ጉዳቱን ሁሉ በገዢው ላይ እየጫነ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛም ይቅርብን አልን።

ከዚያ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ቤቷን ከገዛች ዓመታት ካለፉ በኋላም ስማቸውን በምስጋና የምታነሣቸውን አንድ አዛውንት ደላላ አገናኘችን። ስለዚያው ቤት ስንጠይቃቸው አብረውን ሄዱ፤ ከጓሮው በኩል ቀለም ያልደረሰበትን ግድግዳ እያሳዩን «ልጆቼ፣ ይኼ መስመር የውኃ ነው። አዌቱ ሲሞላ እስከዚህ ይደርሳል፤ ካላመናችሁኝ ሐምሌ ላይ ተመልሳችሁ እዩት» አሉን። የጅማ ዝናብ ብዙ ወራት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በበጋ ብቻ የታየ ቤት በግማሽ እንደታየ ይቆጠራል። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ እሳቸው ግን ቤቱን ከመሸጥ ይልቅ ጉድለቱን ነገሩን። ደላላችንን የመረጥነው በዚያች ቅጽበት ነበር።

በኋላ ጊንጆ አካባቢ ሌላ ቤት ሲያገኙልን፣ እኛ ያላሰብናቸውን ጥያቄዎች ለሻጩ አስቀድመው ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገዢው የሚገዛው በላዩ ያለውን ቤት ስለሆነ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ የሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተሰጠ)፣ የሊዝ ከሆነስ ያልተከፈለ ቀሪ አለበት ወይ የሚለው የዋጋውን ትርጉም ይለውጠዋል። ቤቱ በባንክ ዕዳ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ እንዳይሆን፣ ካርታውን ከሰጠው የከተማው መሥሪያ ቤት እንድናጣራ አሳሰቡን። ሻጩ ባለትዳር ስለነበሩም ደላላችን የሻጩ ሚስት ባሉበት ካልሆነ ስለ ዋጋ አንነጋገርም አሉ፤ የጋራ ቤት ያለ ትዳር ጓደኛ ስምምነት ሲሸጥ ጭቅጭቁ የሚተርፈው ለገዢ ነው። ዋጋውንም ከባለቤቶቹ አንደበት በቀጥታ ሰማን። ሻጭና ገዢን ሳያገናኝ በመሐል ዋጋ የሚጨምር ደላላ መኖሩን ብዙ ሰው ስለሚያውቅ፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ደላላችን ሳይመዘገብ በምስክሮች ፊት ብቻ የሚፈረመውን የመንደር ውልንም አልተቀበሉም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ እሳቸው የአንቀጹን ቁጥር ባይጠቅሱም ይዘቱን አሳምረው ያውቁት ነበር።

የድለላ ክፍያውን በጽሑፍ የተስማማነው ከእሳቸው ጋር ገና ሌላ ቤት ማየት ሳንጀምር ነው። ግማሹን ውሉ በተፈረመ ዕለት፣ ቀሪውን ደግሞ ካርታው በስማችን ተዘዋውሮ እጃችን ሲገባ ሰጠናቸው፤ እንዲህ ተከፍሎ ይሁን ያሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።