ከሕዝብ 1 ወደ ሕዝብ 2፦ የአንድ ክረምት ማስታወሻ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰኔ ላይ መንጃ ፈቃዴን ላሳድግ እንደተነሳሁ ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ «እንዴት እንደሆነ ንገሪን» ብላችሁኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በደብተር ስጽፍ ቆየሁ። አሁን ጳጉሜን ገብታለች፣ ፈቃዱም እጄ ገብቷል። ከደብተሩ ውስጥ ለእናንተ ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የተማሪ ሰርቪስ ላይ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። አራቱን ዓመት ረዳት ነበርኩ፣ ሦስቱን ሚኒባስ ነዳሁ። ሚኒባሱን የምነዳው ሕዝብ 1 በሚባለው የመንጃ ፈቃድ ደረጃ ነው። ዘንድሮ የሰፈራችን ልጆች በዙ። አሠሪዎቼም ሁለት ሚኒባስ ከማመላለስ አንድ ቅጥቅጥ፣ ማለትም መካከለኛ አውቶቡስ፣ ይሻላል ብለው ወሰኑ። ለእሱ ደግሞ ሕዝብ 2 ያስፈልጋል። «ሌላ ሹፌር እንቅጠር ወይስ አንቺ ታሳድጊያለሽ?» ሲሉኝ አላመነታሁም። ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት የትኛዋ እንደሆነች፣ እናቱ መስኮት ላይ ካልቆመች አልገባም የሚለው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው አሳልፌ ልሰጣቸው አልፈለግሁም።

ሰኔ

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። የትምህርት ማስረጃ፣ የቀድሞው መንጃ ፈቃድ፣ ፎቶ፣ የጤና ምርመራ። ኮፒውን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ያዙ፣ ከመመላለስ ያድናችኋል።

የጤና ምርመራው ግን አስደነገጠኝ። ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ በግራዬ ሳይ፣ ታች ያሉት ምልክቶች ተደበላለቁብኝ። ለካ እስከ ዛሬ ቀኙ የግራውንም ሥራ ሲሠራ ኖሯል። መነጽር ታዘዘልኝ። አድርጌው የወጣሁ ዕለት፣ ከአደባባዩ ማዶ የቆመ ባጃጅ ታርጋውን አነበብኩት። በዚያ ቅጽበት ደስታ አልተሰማኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆች ጭኜ ምን ምን ሳላይ አልፌ ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት። እባካችሁ ለመንጃ ፈቃዱ ብላችሁ ሳይሆን ለልጆቹ ብላችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን እየሸፈናችሁ እዩ። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ የአንዱ ድካም አይታወቅም።

ሐምሌ፣ ቲዎሪ

መንዳት ስለምችል ቲዎሪው አዲስ ነገር የሚነግረኝ አልመሰለኝም ነበር። የመንገድ ምልክቶች፣ የትራፊክ ደንብ፣ የአሽከርካሪ ሥነ ባህሪ፣ የተሽከርካሪ አሠራር፣ የመጀመሪያ እርዳታ። አብዛኛውን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ግን መምህሩ ሰሌዳው ላይ አጭር ስሌት ሠራ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። በ50 ከሆነ ወደ 14 ሜትር።

ማታ ቤቴ ስደርስ 14 ሜትር በእርምጃ ለካሁ። ከብሎካችን በር እስከ ሱቁ ድረስ ነው። ስልኬ ሲጠራ ማን እንደሆነ ለማየት ዓይኔን የማነሳው ለአንድ ሴኮንድ ነው። በዚያች ሴኮንድ ከበራችን እስከ ሱቁ ሳላይ ነድቻለሁ ማለት ነው። በዚያ ርቀት ላይ በማንኛውም ሰዓት ቢያንስ ሦስት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ሌላው ደግሞ ፍሬን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ሳይቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ስትሄዱ በ8 ሜትር የምትቆሙ ከሆነ በ60 ወደ 32 ሜትር ያስፈልጋችኋል። ያውም መንገዱ ደረቅ ከሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ጋቢና ውስጥ አላስቀምጥም። ረዳቷ ጋ ነው የሚሆነው።

ጀሪካኑ

ተግባር ልምምዱ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የሠለጠንኩበት ቦታ አንድ መኪና ለብዙ ሰው ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ፣ የምነዳው ግን ሃያ ደቂቃ ነው። በዚያ ብቻ ረጅም መኪና አይለመድም። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ በአሠሪዎቼ ግቢ ውስጥ ተጨማሪ ልምምድ ያዝኩ። ያለማመዱኝ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ ሹፌር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ጋሼ መጀመሪያ ቀን መሪ አላስያዙኝም። አውቶቡሱን በእግሬ እንድዞረው ነገሩኝ። «ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ስንት እርምጃ ነው? ከኋላ ጎማ እስከ ጭራው ስንት ነው? ሳትለኪው አትንጂው» አሉኝ። ለካሁት። ከኋላ ጎማው ወዲያ የሚቀረው አካል ከጠበቅሁት በላይ ረጅም ነው። ሚኒባሱ ላይ እንዲህ ያለ ጭራ የለም።

ቀጥለው አሮጌ ጎማዎች ደረደሩና የመታጠፊያ ጠርዝ ሠሩልኝ። ወደ ቀኝ ታጠፊ አሉኝ። በሚኒባስ ልምዴ ቶሎ መሪውን አዞርኩ። የፊት ጎማው በሰላም አለፈ፣ የኋላው ግን ጎማዎቹን ረግጦ ወጣ። የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። መኪናው በረዘመ ቁጥር ይብሳል። መፍትሔው መታጠፊያውን ትንሽ አልፎ መሄድና ዘግይቶ መጠምዘዝ ነው። ይህን በሦስተኛው ሙከራ ያዝኩት።

ከባዱ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጋሼ አንድ ቢጫ ጀሪካን በግራ በኩል፣ ከጭራው አጠገብ አቆሙ። እንደገና ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ዓይኔ ሙሉ ለሙሉ ቀኝ ስፖኪዮ ላይ ነበር። የኋላ ጎማው በትክክል አለፈ። ደስ ብሎኝ ልቆም ስል ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ጭራው ወደ ግራ ወጥቶ ጀሪካኑን ጥሎታል።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ሄደው ጀሪካኑን አነሱና መልሰው አቆሙት። «ይቺ እንግዲህ እናቷን የምትጠብቅ ልጅ ናት። እንደገና» አሉኝ።

ያን ቀን ከሃያ ጊዜ በላይ ታጠፍኩ። ቀኝ ስፖኪዮ፣ ግራ ስፖኪዮ፣ ቀኝ፣ ግራ። መታጠፍ ማለት ሁለቱንም ጎን እያፈራረቁ ማየት እንደሆነ እጄና አንገቴ የለመዱት ያን ቀን ነው። በነጋታው አንገቴን አሞኝ ነበር። እናንተም ከቻላችሁ ጀሪካን አቁሙ። ሰው ባለበት መንገድ ላይ ከመማር በጀሪካን መማር ይሻላል።

አየርና ዳገት

የተለማመድኩበት አውቶቡስ የአየር ፍሬን አለው። ሚኒባስ ላይ ሞተር አስነስተን ወዲያው እንወጣለን። እዚህ ግን የአየር መለኪያው እስኪሞላ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ መሐል ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬቻና በር አያለሁ። ጊዜው አይባክንም። ፍሬን ደጋግሞ መርገጥ አየሩን ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዘው ማርሽ አስቀድሞ መቀነስ ነው። የጋሼ ደንብ «በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ» የሚል ነው። ማርሹ የሚቀነሰው ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ከተጀመረ በኋላ መኪናው ይፈጥንና ማርሽ አልገባ ሊል ይችላል።

ዳገቱ ላይ ነው የወደቅሁት። የመጀመሪያው ፈተና ሐምሌ መጨረሻ ነበር። ሲዘንብ አድሯል። ጫማዬ ወፍራም ሶል ያለው ነው፣ ያውም ረጥቧል። ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ እግሬ አልለየውም። የእጅ ፍሬኑን ቀድሜ ለቀቅሁ፣ አውቶቡሱም ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ትንሽ ነው። ፈታኙ ግን ልክ ነበር። ከኋላዬ አህያ የሚነዳ ሰው ሊኖር ይችል ነበር።

ለሁለተኛው ፈተና የተዘጋጀሁት በጆሮዬ ነው። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ፍሪሲዮኑን በቀስታ እለቃለሁ። ሲይዝ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫም ትንሽ ቀና ይላል። ያኔ ብቻ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ግቢው መግቢያ ላይ ያለችውን አጭር ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣኋት አላውቅም። ጫማዬንም ቀየርኩ፣ ስስ ሶል ያለውና እግር የሚይዝ። ነሐሴ ላይ ደግሜ ተፈተንኩና አለፍኩ። ስሜ ሲጠራ መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሼ ነው። «አሁን ገና መማር ትጀምሪያለሽ» አሉኝ።

ፈተናው ላይ የሌለው

ፈቃዱ ከተሰጠኝ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ያሳለፍኩት አውቶቡሱ ሲቆም ምን እንደሚሆን በመማር ነው። ፈተናው የሚያየው እየነዳን ስንሄድ ነው። ሰባት ዓመት ሳይ ግን የተማሪ ሰርቪስ አደጋ የሚቀርበው ስንቆም ነው። በሩ ሲከፈት፣ ልጅ ሲወርድ፣ የወደቀ እርሳስ ለማንሳት ሲጎነበስ።

አንድ እሑድ የእህቴን ልጆችና የጎረቤት ልጆችን ግቢው ውስጥ ሰበሰብኳቸው። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ዙሪያውን ቆሙ። ረዳቷ አንድ በአንድ ስትጠራቸው እጃቸውን ያወጣሉ፣ እኔ «ይታየኛል» ወይም «አይታየኝም» እላለሁ። አንደኛ ክፍል የምትገባው ልጅ ከፊት ለፊቴ፣ ከፓራውልቱ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ስትስቅ እሰማታለሁ። አላያትም። ከወንበሬ ተነስቼ ካልቆምኩ በቀር የፀጉሯ ጫፍ እንኳ አይታየኝም። በቀኝ በኩል ከበሩ ኋላ፣ ከኋላው ጎማ አጠገብም እንደዚሁ ነው። ልጆቹ በቆሙበት መሬት ላይ በኖራ መስመር አሰመርን። የማይታየኝ ቦታ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ሳይ ዝም አልኩ።

ከዚያ ከረዳቷ ጋር ተስማማን። የወረደ ልጅ አሥር ትልልቅ እርምጃ ከመኪናው ይርቃል። ረዳቷ ከታች ቆጥራ እጇን እስክታነሳ በሩ አይዘጋም፣ የእጅ ፍሬኑም አይለቀቅም። እጇ ካልታየኝ አልነሳም። ክላክስ ቢያጮሁብኝም አልነሳም።

መስመሩንም ቀየርነው። በአገራችን በቀኝ መንዳት ከተጀመረ ከ1956 ዓ.ም ወዲህ የተሳፋሪ መውረጃ በር በቀኝ ነው። ስለዚህ ቤታቸው በግራ ያሉ ልጆች ወርደው ዋናውን መንገድ ይሻገሩ ነበር። በእኛ በኩል ከአዳማ የፍጥነት መንገድ የወጣው ከባድ መኪና ሁሉ ነው የሚያልፈው። ከረዳቷ ጋር ሁለት ቀን በእግራችን ዞርን። ስድስት ልጆችን ስንመለስ እንድናወርዳቸው አደረግን፣ በቤታቸው በኩል። ስድስቱ ቤታቸው ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይዘገያሉ። ወላጆቻቸውን አንድ በአንድ አነጋገርኩ። አንዲት እናት ብቻ ቅር አሏቸው። የሚሻገሩበትን ቦታ ሄደን አብረን ስናየው ተስማሙ።

መጨረሻ ላይ የማደርገው ከረዳትነቴ ጊዜ የመጣ ነው። ሁሉም ወርደዋል ብዬ ሳምን እንኳ እስከ ኋላው ወንበር ሄጄ፣ ከወንበሮቹ ሥር ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የተነሳ ልጅ ቦርሳው ላይ ተደፍቶ ይተኛል። ትንንሾቹ ደግሞ ከወንበር ሥር ይንሸራተታሉ። ሚኒባስ ውስጥ ዞር ብሎ ማየት ይበቃ ይሆናል። ቅጥቅጥ ውስጥ አይበቃም።

አሁን ያለሁበት

ልጆች ሳልጭን መስመሩን አራት ጊዜ ነድቼዋለሁ። ሁለቴ ከጋሼ ጋር፣ ሁለቴ ከረዳቷ ጋር ብቻ። ጭቃው ገና አልደረቀም። ከኮብልስቶኑ ወደ አፈሩ መንገድ መውረጃው ላይ በአንደኛ ማርሽ ነው የማልፈው።

አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። ከአደባባዩ በፊት ያለው ማቆሚያችን ላይ ዳር መያዣ የለም። ቀኙ ቦይ ነው። ሚኒባሱ ይበቃው ነበር፣ ቅጥቅጡ ሲቆም ግን ጭራው መንገዱ ላይ ይቀራል። ወደ ኋላ ላርቀው ብል አራት ልጆች ቦዩን ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ወደ ፊት ላቀርበው ብል አደባባዩ ውስጥ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ የገጠማችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቅዳሜ ከረዳቷ ጋር እንደገና ሄደን እናየዋለን።