ትልቁ አውራ ይቅር፣ ሌላው ይታረድ

በዓል ሲደርስ የሁላችንም ቤት ያው ነው። ግቢ ውስጥ ካሉት አውራ ዶሮዎች ደረቱ የሞላው፣ ሲያነሱት የሚከብደው ይያዝና ይታረዳል፣ ወይ ገበያ ወጥቶ ደህና ዋጋ ያወጣል። የሚተርፈው ማነው? ቀጫጫው፣ ማንም ያልፈለገው። ከበዓል በኋላ ታዲያ የሴቶቹ ሁሉ ባል እሱ ይሆንና የሚቀጥለው ዓመት ጫጩት በሙሉ የእሱ ልጅ ነው። ከዚያ "የሐበሻ ዶሮ እኮ አታድግም" እንላለን። ምርጡን እየበላን ውራውን ለዘር እያስቀረን በምን ተአምር ትደግ?

ዘንድሮ እኛ ግቢ አራት ጎረምሳ አውራ ደርሷል። ሴቶቹ ስምንት ናቸው። ለስምንት አንድ አውራ ይበቃል፣ አስር ቢሆኑም አይቸገርም። ብዙ አውራ ከተቀመጠ ጠቡ አለ፣ ከጠቡ በላይ ግን የሚጎዱት ሴቶቹ ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ ላባ እስኪያልቅ ይረጋገጣሉ። ለእንቁላል ብቻ ቢሆን አንድም ባላስፈለገ፣ ያለ አውራም ይጥላሉ። እኔ ጫጩት ስለምፈልግ ነው።

እማዬ ገብስማው ይታረድ ባይ ናት። ለምን? ከባዱ እሱ ነዋ! ቀዩ ደግሞ ያምራል፣ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ ነው፣ ለበዓል ገበያ ቢወጣ ከሁሉም የበለጠ የሚያወጣው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እንዲቀር የምፈልገው ገብስማውን ነው።

ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ አንድ በአንድ እያነሳሁ የደረታቸውን አጥንት ዳበስኩ። በጨለማ አይታገሉም። አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ሥጋ የለውም ማለት ነው። የገብስማው ግራና ቀኙ ሞልቷል። አራቱም በአንድ ሰሞን የተፈለፈሉ፣ አንድ ዓይነት የበሉ ናቸው፣ ስለዚህ ልዩነቱ የራሳቸው ነው። ዕድሜያቸው ቢለያይ ኖሮ ማወዳደሩ ዋጋ አልነበረውም።

ክብደት ብቻውን ግን አይበቃኝም። ጠዋት ስንዴ በተንኩላቸውና ቆሜ አየሁ። ገብስማው አንዷን ፍሬ በአፉ ያነሳል፣ ይጥላል፣ መልሶ ያነሳል፣ "ኩክ ኩክ ኩክ" እያለ ይጣራል። ሴቶቹ ሮጠው ይመጣሉ፣ ከፊቱ ለቅመው ይበላሉ፣ እሱ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል። ጭልፊት ካየ በአንድ ጩኸት ሁሉንም ጌሾው ሥር ይከታቸዋል። ቀዩ ዝም ብሎ ይውጣል። አንዳንዴ ደግሞ አፉ ላይ ምንም ሳይኖር ይጣራና ሴቷ ስትደርስ ይወጣባታል። (እንዲህ ዓይነቱን ከዶሮ ውጭም እናውቀዋለን።) በዚያ ላይ የእህቴን ልጅ ባየ ቁጥር እግሯ ላይ ይዘላል። ሰው የሚያባርር አውራ ልጆቹም እሱን የመምሰል ዕድል አላቸው፣ እኔ ግቢ አይሆንም።

ሌላው ነገር እናት ነው። አውራ እንቁላል አይጥልም፣ ግን ሴት ልጆቹ የሚጥሉት ግማሹ ከእሱ የወረሱት ነው። ስለዚህ እናቱ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነው። የገብስማው እንቁላል ከጎረቤት የመጣ ነው፣ የእኛዋ ታቅፋ ፈለፈለችው እንጂ እናቱ እዚያ ግቢ ናት፣ ደህና ጣይ። ከእኛ ሴቶች ጋር ዝምድና የለውም ማለት ነው። ነጩና ጥቁሩ የእኛው ሴቶች ልጆች፣ የቄቦቹ ወንድሞች ናቸው። ወንድምና እህት እየተዳቀሉ ሲሄዱ የሚፈለፈለው እየቀነሰ፣ ጫጩቱ እየደከመ ይመጣል። ገብስማውንም ቢሆን ሴት ልጆቹ ለመጣል ሲደርሱ ከሌላ ሰፈር አውራ ጋር እለውጠዋለሁ።

መምረጥ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ማየት የፈለገ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሆሮ በምትባለው የምዕራብ ኢትዮጵያ የሐበሻ ዶሮ ላይ የሠራውን ይይ። ከውጭ ዘር ሳይቀላቅሉ፣ ክብደትና እንቁላል እየመዘገቡ፣ በየትውልዱ የተሻሉትን ለዘር እያስቀሩ አሻሽለዋታል። እኛ ቤት መዝገብ የለም፣ ግን ቢያንስ የተሻለውን ድስት ውስጥ አለመክተት እንችላለን።

እማዬን ያሸነፍኳት በክርክር አይደለም። "ቀዩም 12 ብልት አለው፣ ወጡ ውስጥ ከገባ ማን ያውቀዋል?" ስላት ሳቀችና ተወችኝ። ቀዩ ለእንቁጣጣሽ ነው። ነጩ ገበያ ይወጣል። ጥቁሩን ብዙ ሰው ለበዓል ስለማይፈልገው ዋጋው ይወርዳል፣ እሱን በቄብ የሚለውጠኝ እየፈለግኩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ሌሎቹ አውራዎች በሄዱ ማግስት እንቁላል አታስታቅፉ። ሴቷ የቀድሞውን ዘር ሁለት ሦስት ሳምንት ይዛ ትቆያለች፣ ገብስማው ብቻውን ቢቀርም የሚፈለፈለው የቀዩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ሳምንት እስኪያልፍ እኛ ፍርፍር በእንቁላል እየበላን ነው።