በሜይ ሁሉም ኮከብ ነው

በዲሲና በአካባቢው ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን የዋሽንግተኑን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮማንደርስን መከታተል የጀመርነው በ2024 ነው። ኳርተርባኩ (ኳስ አቀባዩ መሪ) ጄደን ዳንኤልስ መጣ፣ ቡድኑ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ የዋንጫው ጨዋታ ሱፐር ቦውል በር ላይ ደርሶ ወደቀ። እኔን ደግሞ የባሰ ሱስ ያዘኝ፤ ጨዋታ በሌለበት ወር የልምምድ ዜና ማሳደድ። ያነበብኩትን እጽፋለሁ፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ከሆነው ጋር አስተያያለሁ።

ለአዲሶች፦ በሜይና በጁን ኦቲኤ የሚባል ልምምድ አለ። ለቡድኑ የሚፈቀድለት ቢበዛ 10 ቀን ነው። መምጣት በፈቃድ ነው። ሄልሜት ይደረጋል፣ የትከሻ ፓድ ግን የለም፤ መጋጨትም ሰው መጣልም ክልክል ነው። ጌሾ የሌለው ጠላ በሉት። ተከላካይ ስለማይመታው ኳስ ያዡ ሁሉ ድንቅ ይመስላል። «አስደናቂ ቅብብል» የሚለውን ዘገባ አሁን ዘልዬው ነው የማልፈው።

የማነበው ሁለት ነገር ነው፦ ማን የት ቆመ፣ ማን ቀረ።

የ2025ን ልንገራችሁ። ጆሽ ኮነርሊ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ እያለ የግራ ታክል ነበር፤ ኳርተርባኩን በግራ በኩል የሚጠብቀው ግዙፍ ሰው ማለት ነው። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት 29ኛ ሆኖ ሲመረጥ ግራው ተይዟል፤ ላሬሚ ተንሲል ከሂውስተን መጥቷል። ስለዚህ ልጁን በቀኝ አቆሙት። አንድ መስመር ዜና ናት፣ ማንም ሼር አያደርጋትም። ሴፕቴምበር ላይ ግን ሲዝኑን የጀመረው እዚያው ቀኝ ላይ ነው።

ኳስ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎረን ደግሞ ከኦቲኤ ቀረ። ጉዳዩ ኮንትራት ነው። ጁን ላይ ግዴታ ከሆነው አጭር ልምምድ፣ ከሚኒካምፕም ቀረ፣ በጁላይ መጨረሻ ለሌላ ቡድን ሽጡኝ አለ፣ የፈረመው ኦገስት ሊያልቅ ሲል ነው። ወሬው በሜይ ተጀምሮ ክረምቱን ሙሉ አላስተኛንም!

ሯጮችን፣ ማለትም ኳስ ይዘው የሚሮጡትን በተመለከተ ግን ኦቲኤ ምንም አይነግራችሁም። የሯጭ ችሎታ የሚታየው ሊጥሉት ሲሞክሩ ነው። በድራፍቱ ሰባተኛ ዙር የተመረጠው ሯጭ ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት ጎልቶ የወጣው ኦገስት ላይ፣ በዝግጅት ጨዋታዎች ነው። ቡድኑ ነባሩን ሯጭ ብራያን ሮቢንሰንን ለሳን ፍራንሲስኮ ሸጠና ልጁን አመነበት። በመክፈቻው ጃያንትስ ላይ 10 ጊዜ ሮጦ 82 ያርድ፣ ከነታችዳውኑ (ከነጎሉ በሉት)።

ጉዳትንም ማንም ዘጋቢ አይተነብይም። ዳንኤልስ በጉልበትና በክርን ጉዳት ብዙውን የ2025 ሲዝን ተቀምጦ አሳለፈ፣ ቡድኑም 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ።

እኔ በደንብ ማንበብ የምጀምረው በጁላይ መጨረሻ ካምፕ ተከፍቶ ፓድ ሲለበስ ነው። ከዚያ በኋላ ነው 90 የነበረው የቡድኑ ተጫዋች ወደ 53 የሚቀነሰው። እስከዚያ «እንትና በልምምድ አበደ» የሚል ቪዲዮ አትላኩልኝ። «እንትናን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት» የሚል ካገኛችሁ ግን በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ላኩ።