ሦስተኛ ወር፦ የስቶሩ ኤክሴል የት ደረሰ?

ባለፈው «የስቶሩን ፋይል ጨርሻለሁ» ብያችሁ ነበር መሰለኝ። አልጨረስኩም። እንዲያውም ግማሹን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት።

ለአዲሶቻችሁ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የሕንፃ ዕቃ የሚሸጥ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ኤክሴሉን ግን ማታ ማታ ራሴን እያስተማርኩ ነው። የስቶሩ ዕቃ የሚመዘገብበትን ይህን ፋይል የሚጠቀሙት ደግሞ ስቶር ኪፐራችን ናቸው። ጋሼ እንበላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት ካርድ) እና በካርቦን ወረቀት ሠርተው አንድ ሚስማር ያላጎደሉ ሰው ናቸው።

በመጀመሪያው ወር ያደረግኩት ማስተማር ነበር። ሁለት ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አሳየሁ፣ አራት ገጽ መመሪያም አትሜ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጋሼ በመመሪያዬ እያራገቡ አገኘኋቸው። ተናደድኩ እንጂ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ዘዴ ቀየርኩ። ከኋላቸው ቁጭ ብዬ፣ አፌን ይዤ፣ እጃቸው የት ጋ እንደሚቆም ብቻ ማየት። (ያኮብ ኒልሰን የሚባል፣ ሰዎች ኮምፒውተር ሲጠቀሙ የት እንደሚቸገሩ የሚያጠና ሰው፣ 5 ተጠቃሚ ማየት አብዛኛውን ችግር ያወጣል ብሎ በ2000 እ.ኤ.አ. ጽፏል። እኔ ያሉኝ አንድ ጋሼ ናቸው፤ የሰጡኝ ሥራ ግን ለአምስትም ይበቃል።) ዝም ማለቱ ከፎርሙላው ሁሉ ይከብዳል፣ ሞክሩት።

መጀመሪያ እጃቸው የቆመው የዕቃ ስም ላይ ነው። እኔ ከኢንቮይሱ ገልብጬ «ሪኢንፎርስመንት ባር» ብዬ ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት «ፌሮ 12» ነው። ገዢውም ፌሮ ነው የሚለው፣ ጫኙም ፌሮ ነው የሚለው፣ እኔም ቤቴ ፌሮ ነው የምለው! ታዲያ ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ምን ሆኜ ነው? 340 ስም በሙሉ እሳቸው እንደሚጠሩት ቀየርኩ። ድሮፕዳውኑም (ሴሉ ሲጫን የሚወርደው የምርጫ ዝርዝር) አስቸግሮ ነበር፤ ኤክሴል በአንድ ጊዜ 8 ብቻ ስለሚያሳይ ቆርቆሮ ለማግኘት ረጅም መንገድ ወርደው ይመለሱ ነበር። አሁን በአንዱ ሴል ዓይነቱን ይመርጣሉ (ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ሚስማር)፣ ቀጣዩ ሴል የዚያን ዓይነት ብቻ ያመጣል። ኢንዳይሬክት የሚባለው ፎርሙላ ነው፤ ለዝርዝሩ የምትሰጡት ስም ውስጥ ክፍት ቦታ አይቀበልም፣ እኔን አንድ ማታ በልቶኛል።

ቀኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ጋሼ እንደ ልማዳቸው በእኛ አቆጣጠር 4/2/2018 ብለው ይጽፋሉ፣ ጥቅምት 4 ማለታቸው ነው። ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ስለነበር ኤፕሪል 2 አደረገው፣ ዝም ብሎ! 30/2/2018 ሲጽፉ ደግሞ ቀን መሆኑን ጨርሶ አላወቀም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ አስጠግቶ ተወው። ጳጉሜ 5ን፣ ማለትም 5/13ን፣ ሜይ 13 ነው ያለው። ስለዚህ በቀን ስንደረድር ሁሉም ይዘበራረቃል፣ ጋሼም «ማሽኑ ሰክሯል» ይላሉ። አሁን ቀን፣ ወርና ዓመት ሦስት የተለያየ ሴል ናቸው። ወሩ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ከዝርዝር ይመረጣል። ከኋላ የተደበቀ ኮለም ሦስቱን ወደ አንድ ቁጥር ያዞራል፣ ጥቅምት 30 ለምሳሌ 20180230 ይሆናል፣ መደርደሩ በዚያ ነው። እሳቸው አያዩትም፣ ማየትም የለባቸውም።

ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠን እዘለዋለሁ፣ አተለቅሁት፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሚሞሉትን ሴሎች ብቻ ከፍታችሁ ሺቱን ፕሮቴክት ካደረጋችሁ (ሌላው እንዳይነካ ከቆለፋችሁ)፣ ታብ ሲጫን ከአንዱ ክፍት ሴል ወደ ቀጣዩ ክፍት ሴል ብቻ ይሄዳል። ጋሼ ማውሱን ከጣሉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። የስህተት መልእክቱንም በአማርኛ ጻፍኩት፤ የእንግሊዝኛው ሲመጣ ወንጀል የሠሩ ያህል ይደነግጡ ነበር። አሁን «ጋሼ፣ ስቶር ካለው በላይ ጽፈዋል፣ ቀሪውን በስተቀኝ ይዩ» ነው የሚለው። ሳቁ። «አቦ አንቺ ልጅ፣ ስሜንም አስገባሽው?»

ከሁሉ የቆየብኝ ግን ማጥፋት ነው። ሲሳሳቱ ያጠፋሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ አይነኩትም፣ ተነስተው ይጠሩኛል። ፈርተው ነው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «እኔ ስርዝ ድልዝ ሠርቼ አላውቅም። ሰነድ ከተበላሸ ተሰርዟል ይባላል፣ ይፈረምበታል፣ ፓዱ ላይ ይቀራል። ያንቺው ማሽን የጻፍኩትን ደብዛውን ነው የሚያጠፋው። ነገ ቢጠይቁኝ ምን አሳያለሁ?» አሉኝ። የሒሳብ ሰው ነኝ እያልኩ ይህን ከስቶር ሰማሁት። በዚያው ማታ «ተሰርዟል» የሚል ኮለም ጨመርኩ። ምልክት ሲያደርጉበት መስመሩ ይደበዝዛል፣ ከድምሩ ይወጣል፣ ግን እዚያው ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ለስህተት ጠርተውኝ አያውቁም።

ያልፈታሁት አለ። ከሌላ ቦታ ኮፒ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው ዳታ ቫሊዴሽኑን (ሴሉ ውስጥ ስህተት እንዳይጻፍ የሚከለክለውን ደንብ) ይሽረዋል። ካሸሯ ይህን ትወዳለች። መላ ያለው ይንገረኝ።

ጋሼ ቢን ካርዱን አልተውም ብለዋል፣ እኔም ተዉ አላልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርዱንና ስክሪኑን ያስተያያሉ። ባለፈው ሳምንት በ2 ፌሮ ተለያየ። ካርዱ ነው የተሳሳተው ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ስቶር ገብተን ቆጠርን። የድምሩን ፎርሙላ እስከ 500ኛው መስመር ብቻ ነበር የጻፍኩት፣ ያቺ ሽያጭ 501ኛ ላይ ናት። ቴብል (አዲስ መስመር ሲጨመር ራሱ የሚሰፋ የኤክሴል ሠንጠረዥ) ላደርገው አሰብኩ፣ ግን ፕሮቴክት በተደረገ ሺት ላይ ቴብል ራሱን አያሳድግም፣ ስለዚህ ፎርሙላውን ሙሉ ኮለሙን እንዲያነብ አደረግኩት። ጋሼ ምንም አላሉም። ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ቆለፉ።