የጌሾ ሽታ

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ከፍቶኛል። ጎረቤት ለድግስ ጠላ ጠምቀው የጌሾው ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ያ ሽታ ሁሌም አባዬን ያመጣብኛል። «እኔን መጠጥ አይጥለኝም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ሲንገዳገድ አላየሁትም። የጣለው ቀስ ብሎ ነው።

እኔም እንደሱ ነኝ። እኩል ጠጥተን ጓደኞቼን ደግፌ የምሸኛቸው እኔ ነኝ። ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። ማርክ ሹኪት የሚባል የሳንዲዬጎ ሐኪም የመጠጥ ሱሰኛ አባቶችን ልጆች ለዓመታት ተከታትሎ የጻፈውን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። በወጣትነቱ መጠጥ እምብዛም የማይሰማው ሰው፣ ኋላ ሱስ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል። ሰውነቱ «በቃህ» አይለውም። ስለዚህ ይጨምራል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሌሎች ልጆች ይመጡብኛል። ሄንሪ ቤግላይተር የሚባል የአንጎል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ያጠኗቸው፤ ውጤቱ የወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ከ7 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው፣ አባቶቻቸው የመጠጥ ሱሰኞች የሆኑ ወንዶች ልጆች። ራሳቸው ጠብታ አልቀመሱም። ጭንቅላታቸው ላይ የአንጎልን ሞገድ የሚያነብ ሽቦ ተለጠፈ። በተመሳሳይ ሥዕሎች መሃል የተለየ ነገር ብቅ ሲል፣ አንጎል ከሲሶ ሴኮንድ ገደማ በኋላ የሚያወጣው ሞገድ አለ፤ ፒ300 ይሉታል። የእነሱ ከሌሎቹ ልጆች ዝቅ ያለ ነበር።

ከመጠጡ በፊት ማለት ነው! በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጋብራ2 የሚባል ዘረመል ከሱሱም፣ ቤታ ከሚሉት ፈጣን የአንጎል ሞገድም ጋር ተያይዞ ተገኘ። አንጎልን የሚያረጋጋው የጋባ መልእክት የሚያልፍበት በር አንዱ ክፍል የሚሠራው በዚሁ ዘረመል ነው።

እኔ ግን ስንት ዓመት «ቢወደን ኖሮ ይተወው ነበር» ስል ኖርኩ። እማም ስትል ሰምቻታለሁ። ይወደን ነበር። አሁን ሳስበው ይወደን ነበር። ፍሬኑ ላልቶበት እንደሆነስ?

ዘር ሁሉንም አይወስንም፤ ከአደጋው ግማሽ ያህሉን ነው ይላሉ። ቀሪው ግማሽ ቤት ነው፣ ሰፈር ነው፣ ጓደኛ ነው። በዚህ ግማሽ ላይ ተንጠልጥያለሁ።

ልጄ 8 ዓመቱ ነው። አሁን አጠገቤ ተኝቷል። ግንባሩን ዳበስኩት፣ ከሥሩ ያለውን ሞገድ በእጄ የማገኘው ይመስል። አያቱን አያውቀውም። ስለሱ ሲጠይቀኝ «ጥሩ ሰው ነበር» እለዋለሁ፤ ሐሰት አይደለም። ቀሪውን መቼ ነው የምነግረው? ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት መሆን አለበት። ግን ሳላስፈራው፣ አባዬንም ሳላሳንስበት፣ ምን ብዬ ልጀምር?