ምድጃው ፊት የተቀመጠ ወንበር

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ ነው። ጎረቤቴ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ የጎንደር እናት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበዋል። ወጥ ቤታቸው ገብቼ ያየሁትን ግን አልረሳውም። የጋዝ ምድጃው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰማያዊው ነበልባል ከውስጥ ይታያል። ከፊቱ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ መቁጠሪያ። መስኮቱ ተጠርቅሞ፣ ስንጥቁ በጨርቅ ተወትፏል።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሞቁት?»

«ብርዱ ከገባ ወዲህ ነው ልጄ። ማሞቂያው እንደሆነ ከሞተ ቆየ።»

«ለሕንፃው ኃላፊ አልነገሩትም?»

«ደህና ሰው እኮ ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር ሰላም ይለኛል። ምን ብዬ ላስቸግረው?»

ምድጃውን አጥፍቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ከሰል አቀጣጥለው በዚያው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚያመሽ የጋዝ ምድጃም ያንኑ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሊያጠራቅም ይችላል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ያን ሌሊት እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግድግዳው ማዶ እያሰብኳቸው ነጋ።

ዝምታቸው ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ሰው ግቢ ተከራይቼ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ቧንቧ ቢያፈስስ ከኪሴ አሠራለሁ፤ ጣሪያው ቢያንጠባጥብ ባልዲ አስቀምጣለሁ። አፍ አውጥቶ መናገር «ካልተስማማህ ልቀቅ» የሚል መልስ መጥራት ነበር። ዛሬ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ በእኔ ጊዜ ግን ተከራይ የሚያድረው በአከራዩ ፊት መፍካትና መጨለም ነበር። ያንን ፍርሃት ይዘን ነው ባሕር የተሻገርነው። እዚህ ደግሞ የቋንቋ እጥረትና «መጥፎ ስም ይሰጠን ይሆን» የሚል ይሉኝታ ይጨመርበታል።

የእኔም ቤት ቀዝቅዞ ነበር። ለኃላፊው ደረጃ ላይ ሳገኘው ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ፣ አየዋለሁ» ብሎኛል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ላይ የተነገረ ነገር ደረጃው ላይ ይቀራል። አንድ ቀን «ማንም ነግሮኝ አያውቅም» ቢል ማስረጃ የለኝም።

በማግስቱ ቴርሞሜትር ገዛሁ። በዲሲ ደንብ ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው አከራዩ ከሆነ፣ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 1 ድረስ ቤቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ከ68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ20 ሴልሺየስ፣ በታች መውረድ የለበትም። ሌሊት ደግሞ 65 ነው። የእማማ ሳሎን ጠዋት 58 ነበር፤ ወደ 14 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ለአምስት ቀን ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን ያ ወንበር ላይ እያስቀመጥኩ ፎቶ አነሳሁ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም በደብተር ጻፍኩ። ከዚያ ለኃላፊው ኢሜል ላክሁ። ቁጣ የለበትም፤ ስድብ የለበትም። ማሞቂያው መቼ እንደቆመ፣ ለማንና መቼ በቃል እንደተነገረ፣ የተለካው ስንት እንደሆነ፣ ጠጋኝ ሲመጣ በየትኛው ሰዓት ቤት እንደምንገኝ ብቻ።

ሳምንት ሙሉ መልስ አልመጣም።

ስለዚህ ወደ ከተማው የሕንፃዎች መምሪያ ደወልን። ያስደወልኳቸው እማማን ራሳቸውን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለባለጉዳይ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ አማርኛም ሕጉ ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ» አሉ፤ ጥቂት ጠበቁ፤ አንዲት ሴት «ጤና ይስጥልኝ» ስትላቸው ፊታቸው በራ። ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ከኅዳር ጀምሮ ያለውን አንድ በአንድ ዘረዘሩ። እኔ ስንት ሰዓት ሙሉ ጠይቄያቸው ያልነገሩኝን፣ ሌሊት ሌሊት ጉልበታቸው እንዴት እንደሚቆረጥም ሳይቀር፣ ለማያውቋት አስተርጓሚ ነገሯት።

ተቆጣጣሪው መጥቶ የራሱን መለኪያ ክፍሉ መሐል አቁሞ ለካ። ማሞቂያውን ዳሰሰ፤ ጻፈ፤ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምድር ቤት የመዶሻ ድምፅ ሰማን። ሙቅ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነበር የተበላሸው። ብረቱ መጀመሪያ ቋ ቋ አለ፤ ቀጥሎ ለብ አለ። እማማ መዳፋቸውን ጭነውበት «ተመስገን» አሉ።

በመካከል «ኪራይ አትክፈሉ» ብለው የመከሩን ወገኖች ነበሩ። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ በዚህ መንገድ የተጎዳ ልጅ አውቃለሁና። የሦስት ወር ኪራይ ያዘ፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰው፤ ዳኛ ፊት ሲቀርብ አንድ ፎቶ፣ አንድ ደብዳቤ አልነበረውም። መብቱ የለም ማለቴ አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከ14ኛው መንገድ አጠገብ ክሊፍተን ቴራስ በሚባል ሕንፃ የሚኖሩ ተከራዮች ወደ 1,500 የሚጠጉ የቤት ደንብ ጥሰቶችን እናስረዳለን ብለው ተከራክረው፣ ፍርድ ቤቱ ኪራይ የመክፈል ግዴታ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ ከመጠበቅ ግዴታ ጋር የተሳሰረ ነው ሲል ወሰነ። የዛሬዎቹ ተከራዮች በዚያ ውሳኔ ላይ ነው የቆምነው። ነገር ግን ሰው ኪራይ ይዞ ቢከራከር ዳኛው ገንዘቡ ፍርድ ቤት ዘንድ እንዲቀመጥ ሊያዝ ይችላል። ከእጅ የጠፋ ኪራይ ክርክር አይሆንም። ኪራይ ለመያዝ ከመወሰናችሁ በፊት የሕግ ምክር ጠይቁ፤ በነፃ የሚሰጡ አሉ።

«ያስወጡናል» የሚለውም ፍርሃት ምላሽ አለው። በዲሲ ተከራይ ስለ ጥገና በጽሑፍ ካመለከተ በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ አከራዩ ሊያስወጣው ቢነሣ ሕጉ እንደ በቀል ይገምተዋል፤ በቀል አለመሆኑን ማስረዳት የአከራዩ ግዴታ ነው። ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ እዚህም ላይ ይጠቅማል።

በእኛ በኩል ያለውንም ልናገር። ብዙ ቤት ገብቼ የጭስ ደወሉ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አንዳንዴም ባትሪው ወጥቶ አይቻለሁ፤ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ስለሚጮህ ነው። እባካችሁ መስኮት ከፍታችሁ፣ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ አብርታችሁ ቁሉ እንጂ ደወሉን አትንኩ። ቆጣሪው በየእሑዱ የሚጥልባችሁም ምጣዱን ለብቻው ሰክታችሁ ሞክሩ። ባለ 15 አምፔር መስመር የሚችለው 1,800 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 1,500 ገደማ ይወስዳል፤ ማይክሮዌቭ ሲደረብበት መጣሉ አይቀርም። ይህ የአከራይ ጥፋት አይደለም። ምጣዱ ለብቻው ተሰክቶም ከጣለ ግን ጻፉ።

ሚያዝያ ላይ የእማማ የዕቃ ማጠቢያ ከሥር ማፍሰስ ጀመረ። ራሳቸው ጠርተውኝ፣ ሣህን ደቅነውበት፣ ፎቶ አንሳ አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን እሳቸው እየነገሩኝ ለኃላፊው ጻፍኩ። ስጨርስ በአማርኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ መጀመሪያው ላይ «ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል ጨምሬ ነበር። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ይቅርታን ምን አመጣው? እሱን አውጣው። ቀኑን ጽፈሃል?»

ጽፌ ነበር። ቅጂውን አጣጥፈው ከዜግነት ወረቀታቸው ጋር ፌስታል ውስጥ ከተቱት።